አሥራ ሰባተኛዋ መጋጠሚያ

ቀስበል የሚስቱን እህት ሊጠይቅ ሲሄድ ደወሉን ከመጫኑ በፊት ደጁን ያሸታል። መጀመሪያ መንገዱ ዳር ካለው የቫልቭ ክዳን ላይ ጎንበስ ይላል። ቀጥሎ ግድግዳውን ታክኮ ወደ ቤት የሚገባውን የጋዝ ቧንቧ ሥሩን ያሸታል። ከዚያ ከኮቱ ኪስ የሳሙና ውሃ የያዘች ትንሽ መርጫ አውጥቶ መጋጠሚያዎቹን ፊስ ፊስ ያደርጋል። አረፋ ካልተነፋ እፎይ ይልና ይደውላል። ጥየቃው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው፤ ማሽተቱም እንዲሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ዋርሳዬ፣ ዛሬም ቤቴን ልታጥብ መጣህ?» ትለዋለች በሩን ስትከፍት።

«አቧራ አይቼበት ነው።»

«አፍንጫህ እኮ ካንተ ቀድሞ ሳሎን ገብቷል። ድንቹ ገና አልበሰለም፣ ቁጭ በል።»

ዋርሳው የምትተዳደረው ድንች ጠብሳ በመሸጥ ነው። መንገዱን በሚያየው መስኮቷ ሥር ሁለት ምድጃ ደርድራ፣ ለተማሪውም ለመንገደኛውም በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች። ስለዚህ የእህቷ ባል ደጅ ደጁን የሚያሸተው ለድንቿ ስስት ነው ብላ አምናለች፤ ለጎረቤትም እንደዚያ ብላ አውርታለች። እሱም አላስተባበለም። እውነቱን ከመናገር ሆዳም መባል ቀለለው።

እውነቱ ይህ ነው። ከደጇ ሥር፣ አንድ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ እሱ ራሱ የበየዳት አንዲት የቧንቧ መጋጠሚያ አለች። በሕይወቱ ከበየዳቸው ሁሉ የማያምናት እሷን ብቻ ነው።

ቀስበል እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው ያሉት። የጋዝ ድርጅቱ የፕላስቲክ ቧንቧ በያጅ ነው። ይህን ሲናገር ሰዎች ይስቃሉ። «ፕላስቲክ ደግሞ ይበየዳል እንዴ?» ይበየዳል! ያውም በሚያስደንቅ መንገድ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ሁለት ቢጫ ቧንቧዎች፣ እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ አፍ ለአፍ ሆነው ሞርሳ በሚባል መቆንጠጫ ላይ ይታሰራሉ። በመካከላቸው መላጊያ ይገባና የሁለቱንም አፍ እንደ ቀጭን ሪባን እየላገ እኩል ያደርጋቸዋል። መላጊያው ይወጣና ሙቀቱ ከፈላ ውሃ ከእጥፍ በላይ የሆነ ጠፍጣፋ ሳህን ይገባል። የቧንቧዎቹ አፍ ሳህኑን ተደግፎ ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ዙሪያውን ከንፈር ያወጣል። ሳህኑ ቶሎ ይሳብና ሁለቱ የለሰለሱ አፎች ይገጠማሉ፤ በልክ ይጫናሉ። ከዚያ የሥራው ከባዱ ክፍል ይመጣል፤ ምንም አለማድረግ። ሩብ ሰዓት ያህል አይነካም፣ አይነቀነቅም፣ ቶሎ ይቀዝቅዝ ተብሎ ውሃ አይደፋበትም። ሠራተኛው ሁሉ «በቃ ቀዝቅዟል፣ ፍታውና እንሂድ» ሲል እሱ እጁን አጣምሮ «ቀስ በል» ይላል። ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ሥራው በደንብ ከተሠራ በመካከል ስፌት የሚባል ነገር አይኖርም። ቧንቧዎቹ የተጣበቁ እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቶ አንድ ሆነዋል። ብትጎትቱት ሌላ ቦታ ይሳባል እንጂ መጋጠሚያው ላይ አይለያይም። ይህ የሚሆነው ግን በአንድ ግዴታ ነው፤ የተላገውን አፍ ምንም ነገር እንዳይነካው። አቧራም፣ ጠብታም፣ ጣትም። የጣት ወዝ በሁለቱ መካከል እንደ ስስ መጋረጃ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያች ቦታ ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመልሳችሁ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የዋርሳው ሰፈር ጋዝ ሊገባለት ሦስት መቶ ሜትር ቦይ ተቆፈረ። መንገዱ የኮረብታውን ጎን አግድም የሚያቋርጥ ነው፤ ከላይ ዳገት፣ ከታች ቁልቁለት። ሃያ አምስት ቧንቧ፣ ሃያ አራት መጋጠሚያ። ዋርሳው ጋዙ ስለሚመጣላት ደስ ብሏት፣ በምሳ ሰዓት አንድ ትሪ ሙሉ ትኩስ ድንች ለሠራተኛው ይዛ ወጣች። እሱም በላ። እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ አሥራ ሰባተኛዋ ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ቀስበል ወደ ፕላስቲክ ከመምጣቱ በፊት ለብዙ ዓመት ብረት በያጅ ነበር። ብረት በያጅ ሁለት ቧንቧ ከገጠመ በኋላ አውራ ጣቱን በቧንቧዎቹ አፍ ላይ ያሳልፋል፤ አንዱ ከሌላው በፀጉር ያህል ከፍ ቢል ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል። ብረት ጣት ቢነካው ግድ የለውም፤ እሳቱ ሁሉንም ያቃጥለዋል። እሱም ለዓመታት የተወው የመሰለው ይህ ልማድ ያን ቀን፣ ሆዱ ጠግቦ ልቡ ረክቶ ሳለ፣ ሳያስበው ተመለሰ። አሥራ ሰባተኛዋ ከተላገች በኋላ አውራ ጣቱ በአፏ ላይኛ ክፍል ላይ ሸርተት ብሎ አለፈ። ሳህኑ ገባ፤ አፎቹ ለሰለሱ፤ ተገጠሙ።

በሩብ ሰዓቱ ውስጥ፣ እጁን አጣምሮ ሲጠብቅ፣ ጣቱን አየው። በዘይት ያብረቀርቃል።

ሌላ ጊዜ የሚወደው ያ ሩብ ሰዓት ያን ቀን ከሳሽ ሆነበት። ትክክለኛው ነገር ግልጽ ነበር፤ መጋጠሚያዋን በመጋዝ ቆርጦ እንደገና መበየድ። አፉን ከፈተ። ግን ደመና ከብዷል፣ አለቃው ማሽኑ ለሌላ ሰፈር ይፈለጋል እያለ ሰዓቱን ይመታል፤ ያች «ቀስ በል» የምትባለው ቃል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ውስጥ ቀረች። የወጣው «እንቀጥል» የሚለው ነበር።

እንደ ደንቡ የውጪውን ከንፈር በመሣሪያ ላጦ አወጣው። ከንፈሩ ሲወጣ ቢጫ ቀለበት ይሆናል፤ ወደ ኋላ እየተጠማዘዘ ስንጥቅ ይፈለግበታል። አልተሰነጠቀም። ቧንቧው በሙሉ በአየር ተሞልቶ ግፊቱ ሲለካም አልወረደም። ነገር ግን የግፊት ሙከራ «ዛሬ አያፈስም» ይላል እንጂ «ነገ ቢጎተት ይችላል» አይልም። ይህን ደግሞ ቀስበል ከማንም በላይ ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፤ ማሽተቱ ያኔ ተጀመረ።

የየሥራውን ቀለበት በገመድ ሰክቶ ቤቱ ያስቀምጣል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመኪናዋ በላይ ባለው ምስማር ላይ እንደ ትልልቅ አምባር ተሰቅለው፣ እሷ ሜትሯንና መቀሷን ታንጠለጥልባቸዋለች። ከመካከላቸው አንዷ ቀለበት ላይ ቀይ ክር ታስሯል። አንድ ጊዜ «ይቺ ምንድን ናት?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ለምልክት ነው» አላት። ለምን ምልክት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ምልክት የሚደረግበት ጨርቅ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር እንዳለበት ታውቃለች።

መሬት የተንቀጠቀጠው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ዋርሳው ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን እንደያዘች በነጠላ ጫማ ወጣች። መንቀጥቀጡ ሃያ ሰከንድ ያህል ቆየ። ቆመ ሲሉ ኮረብታው ተራውን ጀመረ። ስልሳ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመንገዱ ክፍል፣ አስፋልቱን፣ አጥሩን፣ አንድ የቆመ መኪና እንደተሸከመ፣ ቀስ እያለ ወደ ቁልቁለቱ ተንሸራተተ። ሁለት ሜትር ከአርባ ሄዶ ቆመ። መንገዱ መሳቢያው የተሳበ ቁም ሳጥን መሰለ። ሁለት ቤቶች ተሰነጠቁ፣ ሰው ግን አልተጎዳም። የዋርሳው ቤት ከስንጥቁ ስድስት ሜትር ወዲህ ነው፤ ከሳህኖቿ በቀር የተሰበረባት የለም።

የውሃው ቧንቧ ከሲሚንቶ የተሠራ ስለነበር አራት ቦታ ተቆርጦ መንገዱን ወንዝ አደረገው። የጋዙ ግን ዝም አለ። የድርጅቱ ሠራተኞች በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ቫልቮች ዘግተው መለኪያ ገጠሙ። መርፌው አንድ ቀን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ነገም መርፌውን እናያለን፣ ከነገ ወዲያ ጋዝ ይለቀቃል» አለች የሥራው ኃላፊ የሆነችው ኢንጂነር። ጎበዝ ናት፤ ጫማዋ ከወንዶቹ ሁሉ የበለጠ ጭቃ የያዘ።

ዋርሳው በመስኮቷ ብቅ ብላ «ከነገ ወዲያ? እስከዚያ ጥሬውን ልሽጥላቸው?» አለች።

ቀስበል ከመለኪያው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሁሉም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ያንተ ሥራ እኮ ነው! ኮረብታ ሄዶ ያንተ ቧንቧ አልሄደም!» እሱ ግን ዓይኑ ከዋርሳው ደጅ አልተነቀለም። የማትታመነው መጋጠሚያ አሁን ተጎትታለች። ጋዝ ቢለቀቅ ዛሬ ላታፈስ ትችላለች፤ ከወር በኋላ፣ ከዓመት በኋላ፣ ስንጥቋ እንደ ጥርስ ሕመም እያደር እየሰፋ፣ ሁለት ምድጃ ሁልጊዜ ከሚነድበት መስኮት ሥር... ቢናገር የሠላሳ ዓመት ስሙ በአንድ ጣት ይበላሻል። ባይናገር ዋርሳው አለች።

ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ ሚስቱ መኪናዋን አቆመች። ቀይ ክር ያለባትን ቀለበት ከገመዱ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነበር።

«የእትዬ ሰፈር ሥራ ናት አይደል?» አለችው። «በቴሌቪዥን ዜና ላይ ሳይህ ሁሉም ይስቃል፤ አንተ ብቻ ፊትህ የቀብር ነው። ንገረኝ።»

ነገራት። እሷ ለእህቷ እንደ ልጅ የሆነች ሴት ናት። ቢጫዋን ቀለበት በጣቷ እያሽከረከረች ሰማችው።

«እትዬ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሷ በላይ ተኝታ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እያሸተትኩላት።»

«ጀግና! ለአፍንጫህ ደሞዝ ልክፈለው?» ተነሳች፣ ተቀመጠች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ብብቱ ጠቦ የተሰፋ ኮት አውቃለሁ። ለባሹ እጁን እስኪያነሳ ድረስ ያምራል። አሁን መሬቱ እጁን አነሳ። ጠዋት ሂድና ተናገር፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ።»

ሄደ። ኢንጂነሯ መኪናዋ ላይ ካርታ ዘርግታ አገኛት። ቀለበቷን ካርታው ላይ አስቀመጠላትና ምሳውን፣ ድንቹን፣ ጣቱን፣ ደመናውን፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

«ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብለው ለምን አሁን ነገሩኝ?»

«እስከ ዛሬ ማንም አልጎተታትም ነበር፣ ልጄ።»

ኢንጂነሯ ቀለበቷን ወደ ኋላ አጠማዘዘች፣ ለብርሃን ያዘቻት። ከዚያ እርሳሷን አንስታ ካርታው ላይ ቁጥር አሥራ ሰባትን ከበበች። «ቁፋሮ እንጀምራለን። ጋዙ በአራት ቀን ይዘገያል። ለባለ ድንቿ ግን እኔ አልነግራትም፤ ሥራው የእርስዎ ነው።»

ዋርሳው ክንዷን አጣጥፋ ሰማችው።

«አራት ቀን? በማን ጥፋት?»

«በእኔ። በዚች አውራ ጣት።»

«ድንቼን እየበላህ! አሥራ ሁለት ዓመት ድንቼን እየበላህ፣ ሳሎኔ ተቀምጠህ፣ ‹ጨው ጨምሪበት› እያልክ!» የድንች ቢላዋዋ ዛሬም እጇ ላይ ነበር። «እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ምስኪን ዋርሳዬ ሆዱን ይወዳል እላለሁ!» ቢላዋውን ዝቅ አደረገች። «ጣትህን የቀባው ዘይትስ የማን ነበር?»

ቀስበል አቀረቀረ። «ያው... ያንቺ።»

«በል እንግዲህ፣ ከአራቱ ቀን ኪሳራ የሁለቱን እኔ እችላለሁ። ለሁለቱ ግን ድንች ትልጣለህ።»

ቦዩ የተቆፈረው በአካፋ ነው፤ በማሽን ቢሆን መሬቱ ያልሰበረውን ቧንቧ ማሽኑ ሊሰብረው ይችል ነበር። አፈሩ ካለቀ በኋላ አሸዋ መጣ። ይህ አሸዋ በቀስበል ትእዛዝ በወንፊት የተነፋ ነበር፤ ያኔ ሠራተኛው «ዱቄት ነው እንዴ የምንነፋው? ኬክ ልትጋግር ነው?» ብሎ ስቆበታል። ከአሸዋው ሥር ቢጫው ቧንቧ ታየ፤ ኢንጂነሯ ስታየው እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

ቧንቧው ታጥፏል፤ ግን እንደ ሽቦ ሳይሆን እንደ ትልቅ ወንዝ ተጠማዞ። በተንሸራተተው መሬት ጠርዝ ላይ ለስለስ ብሎ ወደ ቁልቁለቱ ያዘነብላል፣ ከመሬቱ ጋር ይሄዳል፣ በሌላኛው ጠርዝ ቀስ ብሎ ይመለሳል። አንድም ቦታ አልተሰበረም።

ሠራተኞቹ ከበቧት፤ ከመካከላቸው አንዱ «መሬቱ ሁለት ሜትር ከአርባ ሄዶ፣ እንዴት ሁለት ሜትር ከአርባ አልተጎተተም?» አላት።

ኢንጂነሯ ከዋርሳው ደጅ ላይ ክር ለመነች። ሁለት ችንካር ተክላ ክሩን በመካከላቸው ወጠረች፤ ከዚያ ክሩን መሃሉ ላይ በአንድ ጣት ወደ ጎን ገፋችው። «እዩ፣ ወደ ጎን ብዙ ሄደ። ርዝመቱ ግን ምን ያህል ጨመረ? ትንሽ! በኛ ቧንቧ ሁለቱን ጠርዞች ብንደምር መርዘም የነበረበት ሠላሳ ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። ብረት ወይም ሲሚንቶ ቢሆን ይህን ሠላሳ ሳንቲሜትር በአንዲት ደካማ ቦታ ላይ ይወስደውና እዚያው ቀጭ ይላል። ፕላስቲክ ግን የመጣበትን ለብዙ ሜትር ያካፍላል። ሽንኩርት የተሞላ ፌስታል ይዛችሁ ስትሄዱ እጀታው ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ጣታችሁን ይቆርጣል እንጂ ወዲያው አይበጠስም፤ ያው ነው። ለማካፈል ደግሞ መንቀሳቀስ አለበት። ደረቅ ጭቃ ቢሆን ኖሮ አንቆ ይይዘው ነበር፤ ይህ የተነፋ አሸዋ ግን ለቀቀው።»

«ይኸው ኬካችሁ» አለ ቀስበል ሳያስበው። ሳቁ።

«ገና አልጨረስኩም» አለች። «ጋሼ፣ ቧንቧውን ቦይ ውስጥ ያስቀመጡት ቀጥ አድርገው አይደለም። ካርታው ላይ የሚዋልል መስመር አለ።»

ይህ እውነት ነው። ፕላስቲክ በፀሐይ ይረዝማል፣ በቀዝቃዛ መሬት ውስጥ ደግሞ ያጥራል፤ ስለዚህ ደንቡ ከቦዩ ግድግዳ ወደ ግድግዳ እንደ እባብ እያዋለሉ መዘርጋት ነው። ብዙ ሰው ይሰንፋል፤ ቀጥ ያለ ሥራ ለዓይን ያምራልና። ቀስበል ግን ሚስቱ ክርኑ ላይ ላላ አድርጋ የሰፋችው ሸሚዝ ለምን እንደሚቆይ አይቷል። በየመቶው ሜትር ሃያ ምናምን ሳንቲሜትር ትርፍ አስቀምጧል። መሬቱ ከጠየቀው ሠላሳ ሳንቲሜትር አብዛኛው ከዚያ ትርፍ ተከፈለ። የቀረውን ፕላስቲኩ ራሱ ለብዙ ሜትር ተከፋፍሎ፣ በየሜትሩ ከጥፍር ውፍረት ብዙም ሳይበልጥ፣ ተለጠጠው። ከዚያም ውጥረቱ በየቀኑ እየላላ ሄደ። ቀስበል ለአዲስ ሠራተኞች «ብረት ቂም ይይዛል፣ ፕላስቲክ ይረሳል» የሚላቸው ይህንን ነው።

ይህ ሁሉ ግን አሥራ ሰባተኛዋ ደህና ነበረች ማለት አይደለም። ኢንጂነሯ ከግራና ከቀኝ አስቆርጣ አወጣቻት። በዚያች ቦታ ቀስበል ራሱ አዲስ ቧንቧ በየደ፤ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ ጓንት አድርጎ፣ ሠራተኛው «ቀዶ ጥገና ነው እንዴ?» እያለ። ሩብ ሰዓቱን እጁን አጣምሮ ጠበቀ። ማንም «ፍታው» አላለውም።

አሥራ ሰባተኛዋ ወደ ድርጅቱ ቤተ ሙከራ ሄደች። እሱም ሄደ፤ ኢንጂነሯ ውጭ እንዲጠብቅ ብትለምነው «ሰው የልጁን ፈተና ውጤት ከበር ላይ አይሰማም» አላት። መጋጠሚያዋ ዙሪያዋን ስምንት ቦታ እንደ ቀበቶ ተቆረጠች። እያንዳንዱ ቁራጭ በማሽን ሁለት ጫፉ ተይዞ ይጎተታል። ጥሩ ከሆነ መሃሉ ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ እንደ ማስቲካ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ከቀጭኑ ይበጠሳል እንጂ ከመጋጠሚያው አይላቀቅም።

የመጀመሪያው ተሳበ፣ ረዘመ። ሁለተኛውም። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። ኢንጂነሯ ፈገግ ማለት ጀመረች። ስድስተኛ። ሰባተኛ። ቀስበል ግን ስምንተኛዋን ያውቃታል፤ ከላይኛው ክፍል የተቆረጠችው ናት።

ቀጭ።

ለመርዘም እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ልክ በመጋጠሚያው ላይ ተላቀቀች፤ የተለያየው ፊቷ እንደ ጠረጴዛ መስተዋት ለስላሳ ነው። በለስላሳው ላይ፣ ብርሃኑ በአግድም ሲመታው፣ የአውራ ጣት ያህል ደብዛዛ ሞላላ ምልክት ይታያል።

ቀስበል ትልቅ ትንፋሽ ለቀቀ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተንፍሶ አያውቅም።

«ልክ ነበርኩ» አለ።

«ልክ ነበሩ» አለች ኢንጂነሯ። «ሰባቱ እጅ ጥሩ፣ አንዱ እጅ መጥፎ። ሙሉው ጉተታ ቢደርስባት ኖሮ ከዚህ ጀምራ ትከፈት ነበር። አልደረሰባትም። ትርፉ፣ አሸዋው፣ ሌሎቹ ሃያ ሦስቱ፣ ጉተታውን መንገድ ላይ በልተው ጨረሱላት። ግን ይህን አስቀድመን ማወቅ አንችልም ነበር። ጋዙን ከፍተን ብንተዋት ደግሞ...» አልጨረሰችውም።

«አንዱ ጥፋቴ ሌላው ሥራዬ ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ ማለት ነው።»

«ተሸክሞት ኖረ።»

ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ ደረሰው። የሥራ ግድፈቱን በወቅቱ ባለማሳወቁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው። ከሥሩ ግን በሌላ አንቀጽ፣ ግድፈቱ የተገኘው «በበያጁ በራሱ ቃል ብቻ» መሆኑ ተጽፏል፤ ቀጥሎም ከእንግዲህ ማንም ሠራተኛ የብየዳ ማሽን አጠገብ ምግብ እንዳይበላ ይላል። ሚስቱ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ከስፌት መኪናዋ በላይ፣ ቀለበቶቹ ጎን፣ በመርፌ ሰካችው። «አንድ ሰው ድንች በልቶ ሕግ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም» አለች። ከአሥራ ሰባተኛዋ ቀለበት ላይ ቀዩን ክር ፈትታ ወደ ክር ሳጥኗ መለሰችው፤ ለአዝራር ይሆናል።

ጋዝ የተለቀቀ ዕለት ባልና ሚስቱ አብረው ወደ ዋርሳው ቤት ሄዱ። ስንጥቁ በጠጠር ተሞልቷል፣ አስፋልቱ ገና ነው፤ መንገዱ ላይ ተማሪ ተሰልፏል። ቀስበል ከቫልቩ ክዳን አጠገብ ሲደርስ እግሩ ከልማድ ቆመ። ወገቡ ሊጎነበስ ትንሽ ቀረው። ከዚያ ቀና ብሎ ደወሉን ተጫነው።

ዋርሳው በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሳታሸት?»

«ሳላሸት።»

«ኪስህን አሳየኝ።»

መርጫዋን አወጣ፤ ከልማድ ይዟት ነበር። ዋርሳው ተቀበለችውና ክዳኗን ፈትታ የሳሙናውን ውሃ መዳፉ ላይ ገለበጠችው።

«አሁን ለሚገባው ነገር ተጠቀምባት፤ ሁለቱንም አውራ ጣት እሽት አድርግ» አለችው፤ ወደ ውሃ ቧንቧው እየገፋችው። «ድንቹ በስሏል።»